የጡጦ ማሽን ልግዛ ወይስ ድስቱ ይበቃኛል?



ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር የሦስት ማሽኖች ፎቶ ላከችልኝ። ሦስቱም የጡጦ ስተሪላይዘር ናቸው፤ ሱቁ ዋጋቸውን በቀይ ጽፎ ለጥፎባቸዋል። "ዶክተር፣ ሥራ ልገባ 2 ሳምንት ነው የቀረኝ። ከእነዚህ የቱን ልግዛ? ትንሹን እንኳ የምገዛው ተበድሬ ነው። ድስት ግን ለልጄ እንዳያንስበት ፈራሁ" ይላል መልእክቷ።

"አትበደሪ፣ ድስቱ ይበቃል" ብዬ መለስኩላት። ስልኬን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ይህችን አጭር መልስ እኔ ራሴ ለማመን ምን ያህል እንደቆየሁ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ላጫውታችሁ።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የምትችሉ እናቶች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥቡ፤ ይህ ጽሑፍ ጡጦን ለማስተዋወቅ አይደለም። ነገር ግን ሥራ የምትገባ እናት አለች፣ መንታ የወለደች አለች፣ በሕመም ምክንያት ማጥባት ያልቻለች አለች። እኛ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ "ጡጦ አትስጪ!" ብለን እዚያው ላይ እናቆማለን። ውጤቱ ምንድን ነው? እናት ጡጦውን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ትመጣለች። እንዴት እንደምታጥበው የሚጠይቃት ሰው የለም፣ እሷም ቁጣውን ፈርታ አትጠይቅም። እኔም ብዙ እናቶችን እንደዚያ ሸኝቻለሁ፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልውሰዳችሁ።

ልጄ 4 ወር ሲሞላው ሥራ ተመለስኩ። ቀን ቀን የታለበ ወተቴን፣ ያ ሲያልቅ ደግሞ የዱቄት ወተት በጡጦ ይወስድ ነበር። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስተሪላይዘር ይዛልኝ መጣች። 6 ጡጦ በአንዴ ይይዛል፣ በእንፋሎት ይሠራል፣ ሲጨርስ ጢጥ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ሁሉ አሳይ ነበር። እናቴ እኔንም ወንድሞቼንም ባሳደገችበት ልማድ ድስት አውጥታ ጡጦ ልትቀቅል ስትል "እማዬ ተይው፣ ማሽን አለኮ" ብያት አውቃለሁ። እሷም "እሺ እንግዲህ፣ እናንተ ተምራችኋል" ብላ ድስቱን መለሰችው።

ልጄ ገና 5 ወር ሊሞላው ሲል ቅዳሜ ማታ ተቅማጥ ጀመረው። እስኪነጋ አምስት ጊዜ ቀየርኩት። ለሌላ እናት ቢሆን ቁጭ ብዬ የምዘረዝረውን ምክር ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የራስ ልጅ ሲሆን ግን እጅ ይንቀጠቀጣል። እርግብግቢቱን በየሰዓቱ እዳስስ ነበር። ጠዋት ሞግዚቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከትያት ገባሁና "ጡጦውን በደንብ አታጥቢውም ማለት ነው!" አልኳት። ድምፄን ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ማሽኑ ውስጥ ካደሩት ጡጦዎች አንዱን አውጥታ ማቀፊያውን ቀለበት ፈታችው። ከሚጠባው ላስቲክ ሥር፣ ላስቲኩ ከቀለበቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ቢጫ ያለ የደረቀ ወተት ተጋግሮበታል። ሽታውን ላልናገር። "እትዬ፣ እኔ ሁሌም ፈታትቼ ነው የማጥበው" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጠዋት ጠዋት ግን እንዲህ ተገጥሞ ነው የማገኘው።"

ሌሊት ጡጦ የምሰጠው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞኝ፣ ጡጦውን ውሃ አስገብቼ ነቅነቅ አድርጌ፣ እንደተገጠመ ማሽኑ ውስጥ ከትቼ ቁልፉን ተጭኜ የምተኛው እኔው ነኝ። ማሽኑ ጢጥ ካለ ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንኑ እሁድ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ተቅማጡ ከዚያ ጡጦ ነው የመጣው ብዬ መማል አልችልም። በዚያ ዕድሜ ብዙው ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ እጄንም፣ የሚያጎርሰውን መጫወቻም፣ የጎበኙንን ሰዎችም ልጠረጥር እችላለሁ። ልጄ ጡት፣ ኦአርኤስና ዚንክ እየወሰደ በአራተኛው ቀን ተሻለው። ያ ቢጫ ነገር ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ወተት ቅባትና ፕሮቲን አለው። ጡጦ ላይ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ጀርሞችም እዚያ ሽፋን ሥር ይደበቃሉ። እንፋሎትም ሆነ የፈላ ውሃ ቆሻሻን አያጥብም፤ ሥራው በታጠበ ዕቃ ላይ የቀረውን ጀርም መግደል ነው። በቆሸሸ ጡጦ ላይ የሚሠራ ማሽን ወተቱን ጋግሮ ያስቀምጥላችኋል እንጂ ሌላ ነገር አያደርግም። ስለዚህ "የቱን ልግዛ?" ከማለታችሁ በፊት የምጠይቃችሁ "ማን ነው የሚያጥበው? እንዴት? ሌሊትስ?" የሚለውን ነው።

አስተጣጠቡ ይህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁ ጠጥቶ እንደጨረሰ ጡጦውን ፈታቱት፤ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ቀለበቱ ለብቻ፣ ላስቲኩ ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ። በውሃ አለቅልቁትና ለጡጦ ብቻ በለያችሁት ሳፋ ውስጥ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ሳፋው ለምን ይለያል? የወጥ ሰሃንና ጥሬ ሥጋ የታጠበበት ገንዳ ጀርሙን መልሶ ለጡጦው ይሰጠዋል። ጠርሙሱን በጡጦ ብሩሽ ሽው አድርጉት። ላስቲኩን ገልብጡት፣ ከውስጥ እሹት፣ ከዚያ በቀዳዳው በኩል ውሃ ጨምቃችሁ አሳልፉ። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ብሩሹና ሳፋውም በየጥቂት ቀኑ መታጠብና በፈላ ውሃ መነከር አለባቸው፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ሌሊት ለዚህ ሁሉ አቅም ከሌላችሁ፣ እኔም የለኝም፣ ቢያንስ ፈታትታችሁ አለቅልቁትና በሳሙና ውሃ ነክራችሁ ተኙ። ጠዋት እጥበቱም መቀቀሉም ይቀጥላል። እንደተገጠመ አትተዉት፤ ለሚቀጥለው ጊዜም አትጠቀሙበት። ለሌሊት የሚበቃ ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ ጡጦ መኖሩ ከማንኛውም ማሽን ይልቅ ያሳርፋል። በእኔ ግምት ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የምትገዙት ትርፍ ጡጦና ትርፍ ላስቲክ ነው።

ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ቀላል ነው።

ድስት። ለጡጦ ብቻ የሚሆን፣ ክዳን ያለው ድስት ለዩ፤ ሽሮ የተሠራበት አይሁን፣ ላስቲኩ ሽታ ይይዛል። ዕቃዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥሙ ውሃ ጨምሩ። ጠርሙሱ ውስጥ አየር ከቀረ ያ ቦታ ውሃ አይነካውምና ዘንበል እያደረጋችሁ አየሩን አስወጡ። ክደኑትና አፍሉት። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው እንጂ ድስቱ ከተጣደበት አይደለም። በ5 ደቂቃ ይበቃል የሚሉ መመሪያዎች አሉ። እኔ ግን ለእኛ አገር 10 እላለሁ፤ ምክንያቴን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ውሃው እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ የጡጦ ላስቲክ ሲያር የሚወጣውን ሽታ ቤቱ ሳምንት አይረሳውም። ተደጋጋሚ መቀቀል ላስቲክን ያሳሳዋል፤ ከተሰነጠቀ፣ ከተጣበቀ ወይም ቀዳዳው ከሰፋ ጣሉት። ውስጡ የተጫረ ፕላስቲክ ጡጦም እንደዚያው፤ ጀርም በጭረቱ ውስጥ ይቀመጣል። ፕላስቲኩ መቀቀል የሚችል መሆኑን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ እዩ።

ስተሪላይዘር። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላውም፤ አሁንም እቤቴ አለ። ጊዜ ይቆጥባል፣ ድስት ከመጠበቅም ያድናል። ግን ልክ የሚሠራው መመሪያው ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን ሲደረግበት፣ ጠርሙሱም ላስቲኩም አፋቸው ወደ ታች ሲደፋና ሥራውን ሳይቋረጥ ሲጨርስ ነው። መብራት መሐል ላይ ሄዶ ከተመለሰ ከመጀመሪያው አስጀምሩት። እኔ ቤት መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ጨርሶ ይሁን ተቋርጦ የማላውቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። ታችኛው ሳህን ላይ ነጭ ነገር ሲጋገርበት በኮምጣጤ ይለቃል፤ ኮምጣጤ ግን ያንን ያስለቅቃል እንጂ ጡጦን ከጀርም ነጻ አያደርግም። ማይክሮዌቭ ያላችሁ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን የእንፋሎት ዕቃ መጠቀም ትችላላችሁ። ጡጦውን ብቻውን፣ ያለ ውሃ፣ እንደተገጠመ ማይክሮዌቭ ውስጥ መክተት ግን አይሆንም። ስትከፍቱት በእንፋሎቱ እንዳትቃጠሉ ተጠንቀቁ።

ለጡጦ የተዘጋጀ የመዘፍዘፊያ ክኒን ወይም ፈሳሽ። መብራትም ጋዝም በማይገኝበት ጊዜ ይጠቅማል። መመሪያው እንደሚለው በጥብጣችሁ፣ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ይቆያል። ውሃው በየ24 ሰዓቱ መቀየር አለበት። "በረኪናስ?" ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ገበያ ላይ በየጄሪካኑ የሚቀዳው በረኪና ምን ያህል ክሎሪን እንዳለው አይታወቅም፤ ሽቶ የተጨመረበትም አለ። ለሕፃን ጡጦ አልመክረውም። ውሃ አጋርም የተሠራው ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ጡጦ ለመዘፍዘፍ የታሰበ አይደለም።

የፈላ ውሃ አፍስሶ ማለቅለቅ። ይህን ያነሳሁት በብዙ ቤት የሚደረገው ይህ ስለሆነ ነው። ከፔርሙስ ሙቅ ውሃ ጡጦው ውስጥ ይገባል፣ ይነቀነቃል፣ ይደፋል። እናትየው "ቀቅየዋለሁ" ትለኛለች። አልተቀቀለም። ውሃው ጡጦውን ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ የሚቆየውም ጥቂት ሰከንድ ነው።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? በትክክል ከተሠሩ ሁሉም ይሠራሉ። የምትመርጡት በቤታችሁ ውስጥ ሁልጊዜ፣ በደከማችሁ ቀንም፣ መብራት በሌለበት ቀንም፣ ልጁን የምትይዘው ሰው ብቻዋን ስትሆንም ሊደረግ የሚችለውን ነው። ለአብዛኛው ቤት ያ ድስት ነው። ቡታጋዝ ላይም ከሰል ላይም ይጣዳል፣ ስትሠሩበት ታዩታላችሁ፣ ጢጥ ብሎ አያታልላችሁም። በቀን አንድ ጊዜ ሁሉንም ጡጦ አጥቦ መቀቀል ለብዙዎች ይመቻል። ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ፣ ያለ ጊዜው ከተወለደ ወይም ሌላ ሕመም ካለበት ግን ሳይቀቀል የቀረ ጡጦ አትስጡት። እስከ መቼ ለምትሉኝ፣ የቧንቧው ውሃ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን በሚጠፋበትና ከሮቶ ወይም ከጄሪካን በምንቀዳበት ሁኔታ እስከ 1 ዓመት ብትቀጥሉ ደስ ይለኛል።

ከተቀቀለ በኋላ ደግሞ የሚበላሽበት መንገድ አለ። በጓዳ ፎጣ አትጥረጉት! ያ ፎጣ እጅ ተጠርጎበታል፣ ጠረጴዛ ተጠርጎበታል። ውሃውን አራግፉና ንጹሕ ቦታ ላይ አየር ያድርቀው፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ይከለል። ወይም እስክትፈልጉት ድረስ ክዳኑ እንደተገጠመ ድስቱ ውስጥ ተዉት። ስታወጡት እጃችሁ የታጠበ ይሁን፣ ላስቲኩን በጫፉ ሳይሆን በጠርዙ ያዙት።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ጡጦው ንጹሕ ሆኖ ዱቄቱ ላይሆን ይችላል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮው የታሸገ ቢሆንም ከጀርም ፍጹም ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባል ባክቴሪያ እምብዛም ባይሆንም ሊኖርበት ይችላል፤ በተለይ በጨቅላዎችና ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ከባድ ሕመም ያመጣል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ውሃ ይበጥበጥ የሚለው። ያ ሙቀት ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድለዋል። በለብታ ውሃ ከበጠበጣችሁ ግን ጀርሙ የሚመቸውን ሙቀት አገኘ ማለት ነው።

የ10 ደቂቃው ምክንያቴም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። አትደንግጡ፣ 92 ዲግሪም ተቅማጥ የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፤ እኔ ግን ጊዜ አልቆጥብበትም። ሁለተኛው ትርጉሙ ይህ ነው፦ መመሪያዎች 1 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ በጥብጡ ይላሉ። የእኛ ውሃ ከ92 ስለሚነሳ ቶሎ 70 ይደርሳል፤ ውሃው ትንሽ ከሆነ ደግሞ የባሰ ይቸኩላል። እኔ ከ15 ደቂቃ በላይ አላቆየውም።

መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዱቄቱ በራሱ መስፈሪያ፣ ሳይቆለልና ሳይጎድል። ዱቄቱ እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ልጁን ያስርበዋል። ከበጠበጣችሁ በኋላ ጡጦውን በክዳኑ ዘግታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አቁሙትና አብርዱት፣ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሳትሞክሩ አትስጡ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጠጣው ይደፋ። ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ እጄን ይዞኝ ያውቃል፤ ግን ይደፋ። ለሌሊት ብላችሁ በጥብጣችሁ ራስጌ አታሳድሩ። ማታ የሞላችሁት ፔርሙስም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለብ ብሎ ከጠበቃችሁ ለዱቄት ወተት አይሆንም፤ እንደገና አፍሉት። የታለበ የጡት ወተት ግን ይህ ሕግ አይመለከተውም፣ አታፍሉት።

ለዚያች እናት ከላይ ያለውን ሁሉ አልጻፍኩላትም። አንድ ነገር ግን ጨመርኩላት፦ "ጡጦ የማይቀቀልበት ቀን ከመጣ በስኒ ስጪው።" ስኒ ክፍት ነው፣ ቀለበት የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ቆሻሻ ካለ ዓይን ያየዋል። አዲስ የተወለደ ልጅ እንኳ በስኒ ይጠጣል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ ታቅፋችሁ፣ የስኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ታስነኩታላችሁ፣ እሱ ራሱ በምላሱ ይስባል። አታፍስሱበት። መጀመሪያ ልብስ ያበላሻል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምዳል። እናቴ ይህን ስነግራት "እኛስ በምን ያሳደግናችሁ ይመስልሻል?" አለችኝ።

ልጃችሁ ተቅማጥ ከያዘው ጡት ማጥባታችሁን አታቋርጡ፣ ኦአርኤስ ጀምሩ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ዚንክም እዚያ ይታዘዝለታል። ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም መጥባት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ወይም ከ3 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው ሌሊትም ቢሆን አታሳድሩት።

ስትመጡም ጡጦውን ይዛችሁ ኑ። ሳታጥቡት፣ እንዳለ። አልቆጣም፤ አብረን እንፈታዋለን።